ሯጩ ወለምታ የገባበት

ወገራ ውስጥ አጥንቱ ተሰብሮ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ስለ አያ ሙጬ ጠይቁት። አያ ሙጬ እኔ ነኝ። ራሴን ማወደስ አልወድም፤ ግን እውነትን አሳንሶ መናገርም ያው ውሸት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በወጌሻነት ኖሬአለሁ። የወለቀ ትከሻ ሙጬን ሲያይ አፍሮ በገዛ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል ይባል ነበር። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰው ነው። የእኔ ጥፋት ቢኖር አለመካዴ ብቻ ነው።

ከማንም አልተማርኩም። መምህሬ ገደል ገብታ የሞተች በቅሎ ናት። ጅብ ሥጋዋን ከጨረሰ በኋላ አጥንቶቿን በጆንያ ለቅሜ ጓሮዬ ወሰድኳቸውና አንዱን ካንዱ እየገጠምኩ፣ በጠፍር እያሰርኩ፣ በሁለት ሳምንት አቆምኳት። ባለቤቴ አትጠገብ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ነበረች። ጠዋት ጓሮ ስትወጣ ሥጋ የሌላት በቅሎ ቆማ ብታያት እየጮኸች አባቷ ቤት ገባች፤ ሽማግሌ ልኬ ነው ያስመለስኳት። ማንበብም የተማርኩት በራሴ ነው፣ የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ። ከፊሉ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከማንም ደብተራ ፈጥኜ አነባለሁ።

ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ግን አንድ በሽታ ማግኘቴ ነበር። "ሯጩ ወለምታ" ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ተራ ወለምታ ሰው ሲሰናከል ይመጣል፣ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ታሽቶ ይድናል። ሯጩ ግን የሚይዘው ልጆችን ነው። ልጁ ሳይወድቅ ሳይሰናከል ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ጨርቅ ሲነካው እንኳ ያስጮኸዋል። ጉልበቱን ስታሸው ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይሮጣል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስትደርስበት ክርኑ ላይ ታገኘዋለህ። ሌሎች ወጌሾች እዚህ ላይ ግራ ይጋባሉ። እኔ ግን ዘዴው ገባኝ። ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ እየተከተሉ በቅቤ እያሹ ማባረር ነው። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ካባረርኩት በኋላ መሄጃ ያጣና ከሰውነት ወጥቶ ይጠፋል። ልጁም ተነሥቶ ይሮጣል። ከእጄ ሳይድን የቀረ አንድ ስንኳ የለም።

የመጨረሻ ልጄን እናንዬንም ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ይዟት አባርሬላታለሁ። በወሩ ገመድ ስትዘል ያያት ሁሉ "ይህ እጅ ይባረክ" አለ። እኔም አሜን አልኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

እናንዬ ሃያ አራት ዓመት ሆኗት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከባሏ ከአበጀ ጋር የምትኖረው ከእኛ ቤት አንድ መስክ ተሻግሮ ነው። አበጀ ጎበዝ አራሽ ነው፤ ቃል ግን ይሰስታል። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ያወራው ሁሉ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ ይህን ለታላቅነቴ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ነበር የወሰድኩት።

አንድ ጠዋት አትጠገብ ከእነሱ ቤት ተመልሳ፣ "ልጅቱ ተቀምጣ ነው ያደረች" አለችኝ።

"ምነው?"

"ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። እግሯ አብጧል። ከምንጩ ቤቷ እስክትደርስ አራት ጊዜ አረፈች።"

"እርጉዝ ናት። እርጉዝ ታርፋለች።"

"እኔ ስምንት ወልጃለሁ። አንተ ስንት ወልደሃል?" አለችኝ። አትጠገብ ከጥንትም እንዲህ ናት።

በቀኑ ውስጥ የአገሩ ሐኪም ሁሉ ቤቷ ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤት ቡዳ ነው አለች። ሌላዋ ብርድ ገብቷት ነው ብላ ፌጦ ይዛ መጣች። የንስሐ አባታችን ጠበል ይሞከር አሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ "ሐኪምም አይከለከልም" አሉ፤ እሳቸው መቼም በሁለት ቢላዋ መብላት ይወዳሉ። እኔ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማሁና ስቄ ዝም አሰኘኋቸው። ሆዷን፣ ጎኗን፣ ጀርባዋን ዳሰስኩ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጽንሱ ጎኗ ሥር ተጋድሞ የጎድን አጥንቷን ወደ ላይ ገፍቶታል። አጥንት ከሆነ ደግሞ የእኔ ጉዳይ ነው።

ሦስት ቀን አሸኋት። በሁለተኛው ቀን "ዛሬስ?" ብላት፣ "አባዬ፣ እጅህ ሸጋ ነው" አለችኝ። "ሕመሙ አይደለም እኮ። ውኃ ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።" እኔ ከዚህ የሰማሁት "እጅህ ሸጋ ነው" የሚለውን ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስትስል ነጠላዋ ላይ ደም ፈነጠቀ። አበጀ ነጠላውን አየ፤ እኔን አየኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ ወጣና በቅሎ ጭኖ መጣ።

አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ እናንዬ ደረት ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ብዙ ቆየች።

"አባት፣ ልቧ ላይ ድምፅ አለ" አለችኝ።

"የእኔም ልብ ድምፅ አለው። ያንቺም።"

"ይሄ መኖር የሌለበት ድምፅ ነው።"

"እኔ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ሰምቻለሁ። ደህና ነው።"

ነርሷ በጣም ጨዋ ልጅ ነበረች። ጆሮዬን አየችው እንጂ ምንም አላለችኝም። እናንዬን መርፌ ወጋቻት፤ ትንሽ ቀለላት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዶ ስለነበር ቆመን እንዳንጠብቅ አለችን። ጎንደር፣ አራዳ፣ የልብ አልትራሳውንድ የምታነሣ ዶክተር ታውቅ ነበርና ስልክ ደወለችላት። ደብዳቤውን የሰጠችው ለአበጀ ነው። ማንበብ የምችለው እኔ ሆኜ ሳለ ለእሱ መስጠቷ አልገባኝም፤ ለማንኛውም በእጁ ይዞት ሳለ ተዘቅዝቆ አነበብኩት። "አስቸኳይ" ይላል።

በዚያ ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚኒባስ ውስጥ ገና ስገባ፣ "አያ ሙጬ አይደሉም እንዴ!" የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ። አንገቷ የተቀሰረባት ሴት ነበረች። መኪናው እየሄደ፣ እዚያው መቀመጫዋ ላይ አንገቷን ይዤ ቀጭ አደረግኩት። ዞር ብላ ኋላዋን አየች፣ ግራዋን አየች፣ እልል አለች። ተሳፋሪው አጨበጨበ።

"ሹፌር፣ ሒሳብ እንዳትቀበላቸው!" አለ አንዱ።

"እኔንም ወገቤን ቢያዩኝ" አለ ረዳቱ።

እናንዬ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። "አባዬ፣ በሞቴ፣ አታስቀኝ" አለች ደረቷን ይዛ። አበጀ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያይ ነበር። እስከ ጎንደር ድረስ ስለ ሥራዬ ለተሳፋሪው አወራሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በአፏ አየር ስትለምን፣ እኔ ስለ ሰው ትከሻ እያወራሁ ነበር።

ክሊኒኩ ከሱቆች በላይ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው። የቆጠርኩት ለጨዋታ አይደለም። እናንዬ ሰባተኛው ላይ ቆመች። ዐሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። ዐሥራ አራተኛው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ፣ "ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ" አለች። ከንፈሯ ጥቁር እንጆሪ የበላች ይመስል ጠቁሯል።

"ይህን ደረጃ የሠራው ሰው እርከኑን አስረዝሞታል" አልኩ። "ጤነኛንም ያደክማል።"

ይህን ብዬ አፌን ስዘጋ አንድ ነገር ታወቀኝ። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ ነኝ፤ ደረጃውን እየተናገርኩ ነው የወጣሁት፤ ትንፋሼ ግን አንዲት አልጨመረችም። የጎድን አጥንት ነው ያልኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አልገጥም አለኝ። አበጀ ተመልሶ ወረደና አቅፎ አወጣት።

ዶክተሯ ቀጭን ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከእናንዬ ብዙም አይርቅ። ክፍሏ መጋረጃው ተዘግቶ ደብዘዝ ብሏል። አልጋው አጠገብ ባለ ጎማ መሣሪያ ቆሟል፤ ከላዩ ቴሌቪዥን፣ ከጎኑ በሽቦ የተንጠለጠለ የምላጭ እጀታ የምታክል ነገር አለው። እናንዬ እሱን ስታይ በሩን ያዘች።

"ልቤን በምን ሊያዩት ነው? ካልከፈቱኝ?"

"አይከፈትም እቴ" አለች ዶክተሯ። "ከላይ ነው የምናየው።"

"ጽንሱን ያቃጥለዋል ይላሉ።"

"አያቃጥልም። ጽንሱንም የምናየው በዚሁ ዓይነት ነው።"

"አልተኛም። ከተኛሁ እታፈናለሁ። አልተኛም!" እናንዬ ማልቀስ ጀመረች፤ ስታለቅስ ደግሞ ትንፋሿ ይበልጥ ተቆረጠ። አበጀ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው።

ያን ጊዜ ነው እኔ የሚገባኝን ያደረግሁት። ሸሚዜን አወለቅሁና አልጋው ላይ ወጣሁ። "መጀመሪያ እኔን አንሺኝ። ከቆረጠ እኔን ይቁረጥ፤ ካቃጠለም እኔን ያቃጥል። እናንዬ፣ እያየሽ።"

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች፣ እናንዬን አየች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ ቀረበች። ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀባች።

"ቅቤ ነው?"

"ጄል ነው አባባ።"

"ቅቤ ይሻል ነበር። ቅቤ ይሞቃል።"

እጀታዋን ከጡቴ በታች አስጠጋችው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተነሣና መሐሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። "ይህ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ልብዎ ነው።"

"ሳትከፍቺ በምን አየሽው?"

"አባባ፣ ገደል አፋፍ ቆመው ጮኸው ያውቃሉ?"

"ሊማሊሞ አፋፍ ላይ! በልጅነቴ ከእኔ በላይ የሚጮህ አልነበረም።"

"ገደሉ መለሰልዎት?"

"ቅርብ ያለው ገደል ቶሎ ይመልሳል፤ ማዶ ያለው ቆይቶ ይመልሳል።"

"ይሄም እንዲሁ ነው። መሣሪያው የእኛ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ልብዎ ይልካል፤ ልብዎ ይመልሳል። ቅርቡ ቶሎ፣ ሩቁ ዘግይቶ። መሣሪያው ያንን ለቅሞ ሥዕል ያደርገዋል። መውጋት የለ፣ መቅደድ የለ።"

ሰዎች ሆይ፣ ሰባ ዓመት ደረቴ ውስጥ ሲሠራልኝ የኖረውን ነገር ያን ቀን አየሁት። ክፍሎች አሉት፣ በመካከላቸው መዝጊያ አለ። ሁለት ቀጫጭን መዝጊያዎች እስከ ግድግዳው ድረስ ወለል ብለው ይከፈታሉ፣ ገጭ ብለው ይዘጋሉ። ደግሞ ይከፈታሉ። ደም አሳልፈው ወደ ኋላ አይመልሱም። በአርባ ዓመት ካየሁት መገጣጠሚያ ሁሉ እንደዚያ ለስልሶ የሚሠራ አላየሁም።

"ለዕድሜዎ ሸጋ ልብ ነው" አለች ዶክተሯ። "ለዕድሜዎ" የሚለውን መተው እችል ነበር፣ ግን እውነተኛ ሰው ነኝና ጻፍኩት።

እናንዬ እንባዋን ጠርጋ አልጋው ላይ ወጣች። ዶክተሯ ሙሉ በሙሉ አላስተኛቻትም፤ ትራስ ደግፋ በግራ ጎኗ አዘነበለቻት። እኔ ሸሚዜን በእጄ ይዤ፣ ጄሉ ደረቴ ላይ እንዳለ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ። አሁን አዋቂ ነኝ፤ የት እንደምመለከት አውቃለሁ። ጭጋጉ ተነሣ። ክፍሎቹ መጡ። መዝጊያውን ፈለግሁት።

አገኘሁት፣ ግን አይከፈትም። ወፍሯል፣ ነጥቷል፤ ጫፍና ጫፉ ተጣብቆ መሐሉ ብቻ እንደ ነፋስ የገፋው ጨርቅ ቆልመም ይላል። ከበላዩ ያለው ክፍል ሞልቶ ተወጥሯል። ዶክተሯ አንድ ነገር ተጫነችና ደሙ በቀለም መጣ፤ በዚያች ቀዳዳ ሲሾልክ እንደ እሳት ነበልባል ተወረወረ። እሷ ትለካለች፣ ደግማ ትለካለች።

"ዶክተር፣ ምነው የእሷ መዝጊያ አይከፈት?"

እጇን ሳታነሣ ዞር አለች። "የቱን ነው የሚሉኝ?"

በጣቴ አሳየኋት። "ይኸን። የእኔ እስከ ግድግዳው ነው የሚከፈተው። የእሷ ዳርና ዳሩ ተያይዟል። በዚህ ቀዳዳ ሰው የሚያህል ነገር እንዴት ይኖራል? ደግሞ ለሁለት ነፍስ!"

"ማን አስተማረዎት?"

"ማንም።"

"ተማሪዎች ይህን ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል!" አለች። እናንተዬ፣ ልጄ አልጋ ላይ ሆና፣ ልቧን ፊት ለፊት እያየሁት፣ ይህን ስትለኝ ደስ አለኝ። አልዋሽም። ለአንድ እስትንፋስ ያህል ደስ አለኝ።

ከዚያ ጠየቀች። "እናንዬ፣ በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽን ታመሽ ታውቂያለሽ? ጉልበትሽ አብጦ፣ ከዚያ እሱ ሲሻልሽ ቁርጭምጭሚትሽ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ?"

እናንዬ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። እንዴት አልቀድም! በአርባ ዓመት ውስጥ በሽታዬን በዝርዝር የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ።

"ሯጩ ወለምታ!" አልኩ። "ዘጠኝ ዓመቷ ላይ! ከቀኝ ጉልበት ተነሣ፣ ወደ ግራ ቁርጭምጭሚት ሮጠ፣ ከዚያ ክርኗ ላይ አገኘሁት። ሦስት ሳምንት ነው የተከታተልኩት። እኔ ነኝ ያዳንኳት! ስሙንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ አገር ያለ እኔ የሚያውቀው የለም። መሄጃ አሳጥቼ ከሰውነቷ አስወጣሁት።"

ዶክተሯ እጀታዋን አነሣች። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ልብ ጠፋ።

"አልወጣም አባባ" አለች ቀስ ብላ። "ገባ።"

"የት ገባ?"

በጣቷ ወደ እናንዬ ደረት አሳየችኝ።

አስረዳችኝ። ነገሩ ወለምታ አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም ይጀምራል። ሰውነት ያንን ሲዋጋ ይሳሳትና የገዛ መገጣጠሚያውን፣ የገዛ ልቡን ይወጋል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልቡ መዝጊያ ግን ይቆስላል፤ ቁስሉ በየዓመቱ እየጠነከረ፣ እየተጣበቀ ይሄዳል። ልጅቱ ሳታረግዝ ቻለችው፤ ስታረግዝ ደሟ በዛ፣ መውጫው ጠበበ፣ ወደ ሳንባዋ ተመለሰ። ውኃ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል ያለችው እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ በየወሩ መርፌ ብትወጋ ኖሮ በሽታው እንዳይደጋግማት ይከላከልላት ነበር።

"ግን ጉልበቷን አድኜላታለሁ" አልኩ።

"ጉልበቱ ሳይታሽም ይድን ነበር፣ አባባ።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ያን ሰዓት ይበልጥ ያቆሰለኝ የቱ እንደሆነ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ይኸኛው ነው። ሳይታሽም ይድን ነበር! ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ስለ በቅሎዋ አጥንት ልነግራት ነበር።

"አያ ሙጬ" አለ አበጀ። "አሁን ዝም ይበሉ።"

የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ እናንዬ ከትራሱ ላይ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ለዶክተሯ ተናገረች። "አትቆጪው። አባዬ አላወቀም።"

በሕይወቴ ሙሉ "ሙጬ አላወቀም" ያለኝ ሰው አልነበረም። ጠላቶቼ እንኳ፣ ምቀኛ አለኝና፣ ኩራተኛ ይሉኛል፣ ጉረኛ ይሉኛል፤ አያውቅም አይሉኝም። ልጄ ግን ለስድብ አልነበረም ያለችው። ልትከላከልልኝ ነው። ከእሷ ትንፋሽ ላይ ቀንሳ ለእኔ ጥብቅና ቆመች። ሸሚዜን ለመልበስ ብሞክር ቁልፉን ማግኘት አቃተኝ። ዶክተሯ ቆለፈችልኝ።

ዶክተሯ ለሁለቱም፣ ለአበጀና ለእሷ፣ አልደበቀችም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልተኛች ሁለት ነፍስ ልናጣ እንችላለን አለች። ከፎቁ አበጀ አዝሏት ወረደ። በዚያው ቀን አስተኟት፤ በአፍንጫዋ አየር፣ በክንዷ መድኃኒት ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። አምስት ሳምንት ሆስፒታል ቆየች፤ እኔም ቆየሁ። መቼም ታዋቂ ሰው መደበቅ አይችልም፤ በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ እጃቸው የወለቀባቸው አስታማሚዎች ይሰለፉብኝ ጀመር። የክፍሉ ነርስ መጥታ፣ "አባት፣ እዚህ ሁለት ሆስፒታል አንፈልግም" ብላ በተነቻቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስላት ነበር።

የወለደች ዕለት አራት ሐኪሞች ሲገቡ አየሁ። እኔና አበጀ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኔ ዝም አልኩ፣ እሱ ዝም አለ፤ ዝም ማለት እሱ የለመደው ሥራ ስለሆነ በለጠኝ። አላስቻለኝምና፣ "አበጀ፣ ብትሞት ትቀየመኛለህ?" አልኩት።

"ብትኖርም እቀየምዎታለሁ" አለኝ። "ብትኖር ግን ይለቀኛል።"

ኖረች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ትንሽ ናት፣ ግን ጩኸቷ የእኔ ነው። ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ወሰድናት፤ ሐኪሞቹ በብሽሽቷ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ አስገብተው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው መዝጊያውን አላቀቁላት። ደረቷን አልከፈቱም። ስንመለስ ጎንደር ያለችው ዶክተር በዚያው መሣሪያዋ አሳየችኝ። እንደ እኔ እስከ ግድግዳው አይደለም፤ ግን ይከፈታል። ዛሬ እናንዬ በየወሩ መርፌዋን ትወጋለች፤ አበጀ ቀኑን አንድም ጊዜ አሳልፎ አያውቅም። ለእኔም አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ቃል ይወረውርልኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ጉሮሮውን አሞት ከሰነበተ በኋላ ጉልበቱ ቢያብጥ፣ እሱ ሲተወው ሌላው ቢነሣ፣ ለማንም ወጌሻ አትስጡት። ለእኔም ጭምር። በዚህ አገር ከእኔ የሚበልጥ ወጌሻ የለም፤ ስለዚህ እኔ ያልቻልኩትን ሌላው ይችላል ብላችሁ አትድከሙ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ልቡን ይስሙለት፤ ካስፈለገም በዚያ መሣሪያ ይዩለት። አያምም። ቀዝቃዛ ነው እንጂ አያምም።

እኔ ግን ምክር ሰጥቼ መቀመጥ አልቻልኩም። የማስታወስ ችሎታዬ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ የሚደነቅ ነው። ያሸሁትን ጉልበት ሁሉ አስታውሳለሁ። ከዚያ በፊት ያንን እያሰብኩ ነበር የምተኛው፤ ይጣፍጠኝ ነበር። አሁን ከጉልበቶቹ መካከል የሮጡትን መለየት ጀመርኩ። አትጠገብ ቁጭ ብላ ስም አስታወሰችኝ፤ አንዷን ልጅ ስናነሣ ግን፣ "እሷ እኮ በወሊድ ሞታለች፣ ምን እንደሆነች ሳይታወቅ" አለችና ሁለታችንም ተነሥተን ወጣን። በማግሥቱ ዱላዬን ያዝኩ። ደባርቅ ሁለት፣ ዳባት አንዲት፣ ወቅን ሦስት አገኘሁ። ልባችሁን አስዩ ስላቸው አንዳንዱ አመሰገነኝ፣ አንዳንዱ አረጀ ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ወር አዲ አርቃይ ወረድኩ። ፈንታሁን የሚባል ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ላይ አባቱ አዝሎ አምጥቶልኝ ነበር። አሁን መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆኗል። ከጎማው ቀና ብሎ ሲያየኝ ቁልፉን ጣለና አቀፈኝ።

"አያ ሙጬ! የጉልበቴ አባት!" ሰው ጠራ። ሹፌሮች መጡ፣ ሻይ የምትሸጠዋ መጣች። "ሬሳ ሆኜ ነው የወሰዱኝ! እኚህ ሰውዬ ናቸው በእጃቸው ያቆሙኝ! ጉልበቴን እዩልኝ!"

አንድ እግሩን አነሣና በሌላው ቁጢጥ ብሎ ተነሣ። ሰው አጨበጨበ። ደገመው። ሠለሰው። በአምስተኛው የጎማ ክምሩን ተደገፈ። እየሳቀ ነው፤ ግን ሳቁ ድምፅ የለውም፤ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱ ሥር ያለው ደም ሥር እየዘለለ፣ አየር ይፈልጋል። ከንፈሩን አየሁት።

ጉልበቱ እንከን አልነበረውም።

ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር፣ የምለውን ሊሰማ። እንዲህ ያለ አድማጭ በጉብዝናዬም ዘመን አግኝቼ አላውቅም። እኔም ነገርኳቸው፣ ከእናንዬ ጉልበት ጀምሬ እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ፣ ምንም ሳላስቀር። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሻይ ሻጯ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች። ፈንታሁን እጁን ታጠበ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ ተከተለኝ።

መናኸሪያው ዳገት ላይ ነው። እኔ ዳገት ላይ ማንንም ጠብቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ዱላዬን እየተደገፍኩ፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ፣ አምስት እርምጃ ሄጄ እቆም ነበር።